በኦንላይን ዲግሪ በርካሽ፦ ትራንስፈር ክሬዲት የሚያዋጣው የት ድረስ ነው?

ሰሞኑን ዩቲዩብም ቲክቶክም ላይ አሜሪካ ውስጥ ባችለር ዲግሪ በጥቂት ወር፣ በጥቂት ሺህ ዶላር ጨረስን የሚሉ ቪዲዮዎች በዝተዋል። የሚያያቸው ሰው ለሁለት ተከፍሏል፣ አንዱ ነገውኑ ሊመዘገብ ይነሳል፣ ሌላው ደግሞ "ይሄማ የተገዛ ወረቀት ነው" ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። መንገዱ፣ ማለትም ሌላ ቦታ በርካሽ የተያዘን ክሬዲት ዲግሪ ወደሚሰጥ ትምህርት ቤት ማዛወር (ትራንስፈር ይሉታል)፣ ሕጋዊ ነው፣ አዲስም አይደለም፣ ከ50 ዓመት በላይ የቆየ ነው። ቪዲዮዎቹ ላይ የሚጠራው ዋጋ ግን ብዙ ጊዜ ሙሉ ሂሳቡ አይደለም። ርካሽ የሚሆነው የዲግሪው የመጀመሪያው ሦስት አራተኛ ነው፣ ብሩ የሚያልቀው የመጨረሻው ሩብ ላይ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ርካሹን ክፍል ሲያወዳድር ይከርምና ውዱን ክፍል ሳያየው ገብቶበት ያገኘዋል።

ክሬዲት የሚባለው ነገር

አሜሪካ ውስጥ ዲግሪ የሚቆጠረው በዓመት ሳይሆን በክሬዲት ነው። ክሬዲት ማለት ለአንድ ኮርስ የሚጠፋው የትምህርት ጊዜ መለኪያ ነው፣ በፌደራል ደንቡ አነጋገር 1 ክሬዲት ማለት በሳምንት 1 ሰዓት ክፍል ውስጥ እና ቢያንስ 2 ሰዓት ከክፍል ውጭ እየተሠራ ለ15 ሳምንት ገደማ የሚሄድ ሥራ ነው። የመለኪያው መነሻ የሚገርም ነው፣ በ1900ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያለው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የካርኔጊ ፋውንዴሽን ለፕሮፌሰሮች ጡረታ እከፍላለሁ ብሎ ሲነሳ ገንዘቡን የሚፈልጉ ኮሌጆች ትምህርትን በአንድ ዓይነት የሰዓት ቆጠራ እንዲለኩ አደረገ፣ ቆጠራው ከዚያ ተስፋፍቶ እስከ ዛሬ አለ። ማለትም መጀመሪያም የተሠራው እውቀትን ለመመዘን አልነበረም፣ ይሄ ነገር ከታች ያለው የጥራት ክርክር ላይ ተመልሶ ይመጣል።

አንድ ኮርስ ብዙውን ጊዜ 3 ክሬዲት ነው። አሶሼት የሚባለው የሁለት ዓመቱ ዲግሪ 60፣ ባችለር ደግሞ 120 ክሬዲት ይፈልጋል። በሴሚስተር ሳይሆን በኳርተር የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ባችለሩን 180 ኳርተር ክሬዲት ነው የሚሉት፣ ስለዚህ 45 ኳርተር ክሬዲት ያለው ሰው ወደ ሴሚስተር ትምህርት ቤት ሲዛወር 30 ሆኖ ነው የሚጻፍለት፣ አንዳንዱ "15 ክሬዲት በሉኝ" ብሎ የሚናደደው እዚህ ጋ ነው፣ የተበላ ነገር ግን የለም፣ መለኪያው ነው የተቀየረው።

120ው ክሬዲት ዝም ብሎ ተደምሮ የሚሞላ አይደለም። ሦስት ቦታ ይከፈላል፦ ጄኔራል ኢዱኬሽን (ሁሉም ተማሪ የሚወስደው እንግሊዝኛ፣ ሂሳብ፣ ሳይንስ፣ ታሪክ ምናምን)፣ ሜጀር (የተማሪው ዋና ሙያ)፣ እና ፍሪ ኢለክቲቭ (ተማሪው የፈለገውን የሚሞላበት)። በዚህ ላይ ሁለት ቅድመ ሁኔታ ይጨመራል። አንደኛው ሬዚደንሲ ነው፣ ስሙ መኖሪያ ቢመስልም ከአድራሻ ጋር አይገናኝም፣ ዲግሪውን የሚሰጠው ትምህርት ቤት "ቢያንስ ይሄን ያህሉን እኔ ጋ ተማር" የሚልበት ነው፣ ብዙ ቦታ 30 ክሬዲት ነው። ሁለተኛው አፐር ሌቭል ነው፣ የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ደረጃ ያለው ኮርስ ማለት ነው፣ ከ120ው ውስጥ 30፣ 36 ወይም 45 ያህሉ በዚህ ደረጃ እንዲሆን ይጠየቃል። ርካሽ ክሬዲት የሚሸጡት አብዛኞቹ ቦታዎች ያላቸው የመጀመሪያና የሁለተኛ ዓመት ኮርስ ነው፣ ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ነው።

ርካሹ ክሬዲት ከየት ይመጣል

የታወቀው መንገድ ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም የሁለት ዓመቱ የሕዝብ ኮሌጅ ነው። ኮሌጅ ቦርድ የሚባለው የፈተና አዘጋጅ ድርጅት ባወጣው መረጃ መሠረት በ2024-25 የትምህርት ዓመት የአንድ ዓመት አማካይ ክፍያ በኮሚኒቲ ኮሌጅ 4,050 ዶላር፣ በራሱ ስቴት የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ለሚማር 11,610 ዶላር፣ በግል ዩኒቨርሲቲ ደግሞ 43,350 ዶላር ነበር። መኖሪያና ምግብ የለበትም። ሁለት ዓመቱን በርካሹ ቦታ ተምሮ ሁለቱን ዓመት ዩኒቨርሲቲ መጨረስ ድሮም የነበረ ነገር ነው።

ሁለተኛው በፈተና ነው። ክሌፕ የሚባለውን ፈተና ኮሌጅ ቦርድ ከ1967 ጀምሮ ይሰጣል፣ የሚያውቁትን ትምህርት ኮርስ ሳይቀመጡ ተፈትኖ ክሬዲቱን መውሰድ ነው። ነጥቡ ከ20 እስከ 80 ይሄዳል፣ 50 ያመጣ እንዲያዝለት ይመከራል። ክፍያው ከ100 ዶላር ትንሽ ያነሰ ነው፣ የፈተና ጣቢያው የራሱን ሊጨምር ይችላል፣ ሞደርን ስቴትስ የሚባል ድርጅት ደግሞ ነፃ የዝግጅት ኮርሱን ለጨረሰ ሰው የፈተናውን ዋጋ የሚሸፍን ቫውቸር ይሰጣል። ዲ ኤስ ኤስ ቲ የሚባል ተመሳሳይ ፈተናም አለ፣ መነሻው ለወታደሮች ነበር።

ሦስተኛው አሁን ወሬውን ያስነሳው ነው። ሶፊያ፣ ስተዲ ዶት ኮም፣ ስትሬይተርላይን የሚባሉት ኮሌጅ አይደሉም፣ ዲግሪም አይሰጡም። ወርሃዊ ክፍያ ያስከፍላሉ፣ ሶፊያ በወር ወደ 100 ዶላር አካባቢ ነው፣ ተማሪው በዚያ ወር የቻለውን ያህል ኮርስ ይጨርሳል። ኮርሱን የሚመዝነው አሜሪካን ካውንስል ኦን ኢዱኬሽን፣ በአጭሩ ኤሲኢ የሚባለው ማህበር ነው፣ ኤሲኢ ኮርሱን አይቶ "ይሄ 3 ክሬዲት ይገባዋል" ብሎ ሐሳብ ያቀርባል። ሐሳብ ነው ያልኩት፣ ትእዛዝ አይደለም። ማስታወቂያው ላይ "በኤሲኢ የጸደቀ" ሲባል የሚሰማው ሰው በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ የሚያዝ ይመስለዋል፣ ግን እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ሊቀበልም ላይቀበልም መብቱ ነው፣ ብዙ ታዋቂ ዩኒቨርሲቲዎች ጭራሽ አያዩትም።

ሌላም አለ፣ የሥራ ልምድን በማስረጃ አቅርቦ ማስመዘን (ፖርትፎሊዮ ይሉታል)፣ የውትድርና ስልጠና፣ አንዳንድ የሙያ ሰርተፊኬት። ያለው ሰው ይጠቀምበት፣ የሌለው ግን ለክሬዲት ብሎ ቢሮጥለት ብዙ አያተርፍም።

ተቀባዩ ትምህርት ቤት ነው የሚወስነው

የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ሥራ ለኮንግረስ የሚመረምረው ጂኤኦ በ2017 ባወጣው ሪፖርት ከ2004 እስከ 2009 ትምህርት ቤት የቀየሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ የሚሆን ክሬዲታቸውን አጥተዋል ብሎ ገምቷል። ከሕዝብ ትምህርት ቤት ወደ ሕዝብ ትምህርት ቤት የሄዱት 37 በመቶ፣ ለትርፍ ከሚሠሩ የግል ትምህርት ቤቶች ወደ ሕዝብ የሄዱት ደግሞ 94 በመቶ አካባቢ። ቁጥሩ የቆየ ነው፣ ምክንያቶቹ ግን ዛሬም አሉ።

ዋናው ምክንያት በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ሀገራዊ ሕግ አለመኖሩ ነው። ክሬዲት የሚቀበለው ትምህርት ቤት ነው ደንቡን የሚያወጣው፣ አንዳንዴ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ሳይሆን ዲፓርትመንቱ ነው፣ የሂሳብ ክፍሉ የተቀበለውን ስታቲስቲክስ የሳይኮሎጂ ክፍሉ "የኛን ርዕሶች አይሸፍንም" ብሎ ሊመልሰው ይችላል። የቆየ የኮምፒውተር ኮርስ ጊዜው አልፎበታል ይባላል፣ ዲ ያመጣ ኮርስ አይያዝም፣ ሲላበሱ ጠፍቶ ማወዳደር የማይቻልበትም አለ። አንዳንድ ስቴቶች ይሄን በሕግ ለማቅለል ሞክረዋል፣ ፍሎሪዳ በሕዝብ ኮሌጆቹ ሁሉ አንድ ዓይነት የኮርስ ቁጥር ትጠቀማለች፣ ካሊፎርኒያ በ2010 ባወጣችው ሕግ ከኮሚኒቲ ኮሌጅ ለትራንስፈር የተዘጋጀ አሶሼት ዲግሪ ይዞ የሚመጣ ተማሪ በካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ውስጥ ቦታ እንዲያገኝና ቀሪውን በ60 ክሬዲት እንዲጨርስ አድርጋለች። እንዲህ ያለ ስምምነት ባለበት ስቴት የሚኖር ሰው መጀመሪያ ይሄን ቢያይ ይሻለዋል፣ ከየትኛውም ዌብሳይት የበለጠ አስተማማኝ ነው።

ሁለተኛው ነገር ረቀቅ ይላል። ትምህርት ቤቱ "60 ክሬዲትህን ተቀብለናል" ብሎ ሊጽፍ ይችላል፣ 60ውም ትራንስክሪፕቱ ላይ ይወጣል፣ ግን ለዲግሪው የሚሠራው 60ው ላይሆን ይችላል። ሜጀሩ ውስጥ ቦታ ያልተገኘለት ኮርስ ወደ ፍሪ ኢለክቲቭ ይወርዳል፣ ፍሪ ኢለክቲቩ ከሞላ ደግሞ ትርፍ ሆኖ ይንጠለጠላል። ተማሪው ሲጠይቅ "አልጣልንብህም፣ ይኸው አለ" ይባላል፣ እውነታቸውን ነው፣ አለ፣ ግን አይጠቅምም።

ሂሳቡን በቁጥር ስናየው

ለምሳሌ ያህል አንድ ቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን ፕሮግራም እንውሰድ፣ 120 ክሬዲቱ 45 ጄኔራል ኢዱኬሽን፣ 66 ሜጀር፣ 9 ፍሪ ኢለክቲቭ ተብሎ የተከፈለ፣ ሬዚደንሲው 30፣ አፐር ሌቭሉ 36 የሆነ። አንድ ሰው ከዓመታት በፊት ከኮሚኒቲ ኮሌጅ ያቋረጠው 60 ክሬዲት አለው እንበል። ሲገመገምለት 36ቱ ጄኔራል ኢዱኬሽን ላይ ገባ፣ 9ኙ (ሁለት አካውንቲንግና አንድ ኢኮኖሚክስ) ሜጀር ላይ ገባ፣ ቀሪው 15 ወደ ፍሪ ኢለክቲቭ ሄደ፣ እዚያ ያለው ቦታ ግን 9 ብቻ ነው። 6ቱ ተንጠለጠለ። ስለዚህ 60 ተቀባይነት አገኘ፣ 54 ሠራ፣ ቀሪው 66 ነው።

ከ66ቱ 30ው ሬዚደንሲ ነው፣ እዚያው ትምህርት ቤት መከፈል አለበት። 36ቱን ውጭ መውሰድ ይችላል። ከዚህ ውስጥ 9ኙ ጄኔራል ኢዱኬሽን ነው፣ በሦስት የክሌፕ ፈተና ቢያልፈው 300 ዶላር አይሞላም። 21ዱ ዝቅተኛ ደረጃ የሜጀር ኮርስ ነው፣ ወርሃዊ ክፍያ በሚያስከፍል ቦታ በሦስት ወር ቢጨርሰው 300 ዶላር ገደማ። ቀሪው 6 አፐር ሌቭል ነው፣ ይሄ ርካሹ ቦታ ስለማይገኝ ሌላ ቦታ 500 ዶላር ያህል አወጣበት እንበል። ጠቅላላው 1,100 ዶላር አካባቢ ነው፣ ለ36 ክሬዲት። ቪዲዮ ላይ የሚታየው ይሄኛው ነው፣ ያስገርማልም።

አሁን 30ውን እንይ። ትምህርት ቤቱ በክሬዲት 350 ዶላር የሚያስከፍል ከሆነ 10,500 ዶላር ነው። ከጠቅላላው 11,600 ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ ማለት ነው። ሰውየው በሶፊያና በስተዲ ዶት ኮም መሃል የቱ ይረክሳል ብሎ ሁለት ሳምንት ቢያጠና የሚያተርፈው 100 ወይም 200 ዶላር ነው፣ በክሬዲት 350 ከሚለው ትምህርት ቤት ይልቅ 250 የሚል እውቅና ያለው ትምህርት ቤት ቢያገኝ ግን 3,000 ዶላር ያተርፋል። ስለዚህ ምርጫው መጀመር ያለበት ከመጨረሻው ነው፣ መጀመሪያ ዲግሪ ሰጪው ትምህርት ቤት ይመረጣል፣ ያለው ትራንስክሪፕት ይላካል፣ ምን የት እንደገባ በጽሑፍ ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ ነው ክፍተቱን የሚሞላ ርካሽ ኮርስ የሚፈለገው። ብዙ ሰው በተቃራኒው ይሄዳል፣ 20 ኮርስ ጨርሶ ከዚያ የሚቀበለው ይፈልጋል።

ቁርጥ ክፍያ ያላቸው ትምህርት ቤቶች ሂሳቡን ትንሽ ይቀይሩታል። በ1997 በ19 የስቴት አስተዳዳሪዎች የተመሠረተው ዌስተርን ገቨርነርስ ዩኒቨርሲቲ (ደብሊው ጂ ዩ) በክሬዲት ሳይሆን በ6 ወር ተርም ነው የሚያስከፍለው፣ እንደ ፕሮግራሙ ቢለያይም 4 ሺህ ዶላር ገደማ ነው፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የፈለጉትን ያህል ኮርስ መጨረስ ይቻላል። ተማሪው የሚለካው በተቀመጠበት ሳምንት ሳይሆን ችሎታውን በማሳየት ነው፣ ኮምፒተንሲ ቤዝድ ይባላል። የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜይን የፕሬስክ አይል ካምፓስም ዩርፔስ በሚባል ፕሮግራም ተመሳሳይ ነገር በ8 ሳምንት ዙር ይሰጣል። 30ውን ክሬዲት በአንድ የ6 ወር ተርም የጨረሰ 4 ሺህ ይከፍላል፣ በሁለት ተርም የጨረሰ 8 ሺህ፣ በተርም ትንሹን 12 ክሬዲት እየወሰደ ሦስት ተርም የፈጀበት ደግሞ 12 ሺህ፣ ይሄ በክሬዲት ከሚያስከፍለው ትምህርት ቤት በለጠ ማለት ነው። ሙሉ ቀን የሚሠራና ልጅ የሚያሳድግ ሰው ቪዲዮው ላይ ያለውን ፍጥነት ይዞ ሂሳብ መሥራት የለበትም፣ በራሱ ፍጥነት ነው ማስላት ያለበት።

ትምህርት ቤቶቹ ምን አግኝተው ነው?

ይሄ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይነሳም። 90 ክሬዲት ከውጭ የሚቀበል ትምህርት ቤት የ90 ክሬዲት ገቢ እያጣ ይመስላል። ግን ያ ተማሪ ባይቀበሉት ኖሮ አይመጣላቸውም ነበር፣ ዜሮ ከሚሆን የ30 ክሬዲት ክፍያ ይሻላል። አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ ጀምረው ዲግሪ ሳይዙ የወጡ በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ ሰዎች ከ35 ሚሊዮን በላይ ናቸው፣ ከሃይስኩል የሚወጣው ወጣት ቁጥር ደግሞ እየቀነሰ የሚሄድበት ጊዜ ላይ ነው ያሉት፣ ስለዚህ የኦንላይን ትምህርት ቤቶች ፉክክር ትልልቅ ሰዎች ላይ ሆኗል። ሳውዘርን ኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ እና የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ግሎባል ካምፓስ እስከ 90 ክሬዲት እንቀበላለን ብለው የሚያስተዋውቁት ለዚህ ነው።

ለዚሁ ዓላማ ብለው የተቋቋሙም አሉ። ኤክሴልሲየር በኒውዮርክ በ1971፣ ቶማስ ኤዲሰን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በኒው ጀርሲ በ1972፣ ቻርተር ኦክ ስቴት ኮሌጅ በኮነቲከት በ1973 የተመሠረቱት ከየቦታው የተሰበሰበ ክሬዲትን ወደ ዲግሪ ለመቀየር ነው። ኤክሴልሲየር ከ120ው እስከ 113 ድረስ ከውጭ የሚቀበልበት ደንብ አለው፣ ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር በጣም ሰፊ ነው። እነዚህ ቦታዎች ሬዚደንሲያቸው ትንሽ ቢሆንም የሚያስከፍሉት የማስመረቂያና የተለያየ ክፍያ አለ፣ የመጨረሻውን ሩብ ሂሳብ ሲሠራ እሱም ይገባል።

የሻጮቹን ጥቅምም ማየት ነው። ሶፊያ የስትራቴጂክ ኢዱኬሽን ንብረት ነው፣ ይሄው ኩባንያ ስትሬየርና ካፔላ ዩኒቨርሲቲዎችንም ይዟል። ርካሹ ኮርስ ለራሱም ንግድ ነው፣ ወደ ዩኒቨርሲቲዎቹ የሚያስገባ በርም ነው። ይሄ ክፋት የለውም፣ ግን "የትኛው ትምህርት ቤት ይሻለኛል" የሚለውን ጥያቄ ኮርስ ሻጩን መጠየቅ ብዙም አያስኬድም።

ፔል ግራንት የሚያገኝ ሰው ሂሳቡ ይገለበጥበታል

ፔል ግራንት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የሚሰጥ የማይመለስ የፌደራል ገንዘብ ነው፣ በ2024-25 ከፍተኛው 7,395 ዶላር በዓመት ነበር። ለክሌፕ ፈተናም ለሶፊያ ወርሃዊ ክፍያም አይውልም፣ እውቅና ያለው ትምህርት ቤት ውስጥ ተመዝግቦ ለሚማር ብቻ ነው። አማካዩ የኮሚኒቲ ኮሌጅ ክፍያ 4,050 መሆኑን ካስታወስን ሙሉ ፔል የሚያገኝ ሰው ኮሚኒቲ ኮሌጁን ከኪሱ ምንም ሳያወጣ ተምሮ ለመጽሐፍና ለትራንስፖርት ሊተርፈው ይችላል። ለእንዲህ ያለ ሰው ያ "ርካሽ" የተባለው የ100 ዶላር ኮርስ ውድ ነው። ቪዲዮ የሚሠሩት ሰዎች ብዙ ጊዜ ይሄን አይናገሩም፣ ምናልባት እነሱ ሥራ ይዘው ፔል የማይደርሳቸው ስለሆኑ ይሆናል።

የድሮ የትምህርት ብድር ያለበት ሰውም መጠንቀቅ አለበት። ቢያንስ በግማሽ ጊዜ ተመዝግቦ የሚማር ሰው የፌደራል ብድር ክፍያው ይቆምለታል፣ ሶፊያ ላይ መማር ግን እንደ ምዝገባ አይቆጠርም። ዩኒቨርሲቲውን ለአንድ ዓመት ትቶ ውጭ ክሬዲት ሲሰበስብ የ6 ወር የእፎይታ ጊዜው ያልቅና ሂሳብ ይመጣበታል።

የጥራቱ ክርክር

ተቃዋሚዎቹ የሚሉት ቀላል አይደለም። ሶፊያ ላይ አብዛኛው ፈተና ያለ ተቆጣጣሪ፣ ደብተር ተከፍቶ የሚሠራ ነው፣ በሴሚስተር የሚወሰድ ኮርስ በሦስት ቀን ያለቀበት ሰው አለ፣ ኤአይ በመጣበት ጊዜ ደግሞ ማን እንደመለሰው ማወቅ ከባድ ነው። ያን ዓይነት ክሬዲት ከክሌፕ ጋር አንድ አድርጎ መቁጠር አስቸጋሪ ነው፣ ክሌፕ መታወቂያ ታይቶ በቁጥጥር የሚሰጥ ፈተና ነው።

ደጋፊዎቹ ደግሞ ሰው አካውንቲንግ ካወቀ የት እንዳወቀው ለምን ይጠየቃል ይላሉ፣ 15 ሳምንት መቀመጥ በራሱ እውቀት አይደለም፣ ክሬዲት አወር ራሱ ከጡረታ ቆጠራ የመጣ መለኪያ ነው። መደበኛው ዩኒቨርሲቲ በኦንላይን የሚሰጠው ኮርስም ቢሆን ብዙው ያለ ተቆጣጣሪ ነው፣ ዋጋው ግን አሥር እጥፍ ነው። ይሄ ክርክር ያሳምናል፣ እስከ አንድ ነጥብ ድረስ። ሥራ ላይ 15 ዓመት የቆየ ሰው መግቢያ ማኔጅመንትን በሳምንት ቢጨርስ የሚያስደንቅ ነገር የለውም፣ ምንም የማያውቅ የ19 ዓመት ልጅ ሙሉ ዲግሪ በ3 ወር ሲጨርስ ግን ወረቀቱን እንጂ ትምህርቱን ማግኘቱ ያጠራጥራል። መንገዱ ያው አንድ ነው፣ የሚሄድበት ሰው ነው የሚለየው።

መንግሥትም አንዴ ገብቶበት ነበር። በ2017 የትምህርት ሚኒስቴሩ ኢንስፔክተር ጄኔራል ደብሊው ጂ ዩ ውስጥ መምህርና ተማሪ በበቂ ሁኔታ አይገናኙም ብሎ 713 ሚሊዮን ዶላር የፌደራል ገንዘብ እንዲመልስ ሐሳብ አቀረበ። ፍሬ ነገሩ በፌደራል ሕግ የኦንላይን ትምህርት የሚባለው መምህሩ በመደበኛነትና በቁም ነገር ከተማሪው ጋር ሲሠራ ነው፣ አለዚያ የደብዳቤ ትምህርት ይባልና የገንዘብ እርዳታው ይገደባል። ሚኒስቴሩ በ2019 ገንዘቡን አላስመልስም አለ፣ ጥያቄው ግን ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም።

የማያዋጣበት ቦታ

ለብዙ የቢሮ ሥራ ቀጣሪ የሚያየው ዲግሪው መኖሩንና ትምህርት ቤቱ እውቅና ያለው መሆኑን ነው፣ ዲፕሎማው ላይ ክሬዲቱ ከየት እንደመጣ አይጻፍም። ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። የነርሲንግ ክሊኒካል ልምምድ ወደ ኦንላይን ኮርስ አይቀየርም፣ መምህርነትና ኢንጂነሪንግ የራሳቸው የፕሮግራም እውቅና አላቸው፣ ብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ባዮሎጂና ኬሚስትሪን በፈተና ያለፈ ሰው አይቀበሉም። ማስተርስ የሚያስብ ሰውም ይሄን ይያዝ፦ በኤሲኢ የመጣ ክሬዲት ብዙ ጊዜ ውጤት ሳይኖረው "አለፈ" ተብሎ ነው የሚመዘገብ፣ ጂፒኤው የሚሠራው ቀሪዋ 30 ክሬዲት ላይ ብቻ ነው፣ እዚያ ላይ የመጣ አንድ ሲ ከወትሮው ይልቅ ይጎዳል።

ኤፍ ዋን በሚባለው የተማሪ ቪዛ አሜሪካ ያለ ሰው ለሙሉ ጊዜ ትምህርት በአንድ ተርም ሊያስቆጥር የሚችለው አንድ የኦንላይን ኮርስ ወይም 3 ክሬዲት ነው፣ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን ለሆነ ዲግሪ ቪዛው አይሰጥም፣ ስለዚህ ይሄ መንገድ ለሱ አይሆንም። ከአሜሪካ ውጭ የተማረ ሰው ደግሞ ትራንስክሪፕቱን ኮርስ በኮርስ በሚገመግም ድርጅት ማስተርጎምና ማስገምገም አለበት፣ ለሥራ የሚሆነው አጠቃላይ ግምገማ ለክሬዲት ትራንስፈር አይበቃም፣ ሁለቴ የሚከፍሉት ብዙ ናቸው። የትኛውን ድርጅት እንደሚቀበል የሚወስነውም ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ነው።

የተገዛ ወረቀት የሚባለውም የለም አይባልም። በ2015 የፓኪስታኑ አክዛክት የሚባል ኩባንያ በሌሉ ዩኒቨርሲቲዎች ስም ዲግሪ ይሸጥ እንደነበር ኒውዮርክ ታይምስ አጋልጦ ነበር። "በሕይወት ልምድህ ብቻ ዲግሪ" የሚል፣ ምንም ፈተና የሌለው ነገር ከዚህ ወገን ነው። መለያው እውቅና፣ ማለትም አክሬዲቴሽን ነው፣ የአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር እውቅና ያላቸውን ትምህርት ቤቶች በነፃ የሚፈለግበት ዳታቤዝ አለው። ድሮ በእውቅና ሰጪዎቹ መሃል ሪጅናልና ናሽናል የሚባል ክፍፍል ነበር፣ ሪጅናሉ ክብር ነበረው፣ ከ2020 ጀምሮ ሚኒስቴሩ ልዩነቱን ትቶታል፣ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ክሬዲት ሲቀበሉ አሁንም የድሮውን ስም ያያሉ።

ከዚህ በኋላ ምን ሊመጣ ይችላል

ሁለት ግፊት በተቃራኒ አቅጣጫ እየሄደ ነው። በአንድ በኩል ዲግሪው ራሱ እያጠረ ነው፣ በ2023 ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ አይዳሆ እና ኤንሳይን ኮሌጅ ከ90 እስከ 94 ክሬዲት ያለው ባችለር እንዲሰጡ ከእውቅና ሰጪያቸው ፈቃድ አግኝተዋል፣ ይሄ ከተስፋፋ ከትራንስፈር ክሬዲት ጥቅም ላይ የተወሰነው ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ በርካሽ የሚሞላው ፍሪ ኢለክቲቭ ነው መጀመሪያ የሚቆረጠው። በሌላ በኩል ቪዲዮዎቹ በበዙ ቁጥር ትምህርት ቤቶች በራቸውን የሚያጠቡበት ምክንያት ያገኛሉ፣ የሚቀበሉትን ኮርስ ዝርዝር መቀነስ፣ በተርም የሚወሰደውን መገደብ፣ ሬዚደንሲውን መጨመር። እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የቆየውን ተማሪ አይነካም፣ ተማሪ ሲመዘገብ በነበረው ካታሎግ (የትምህርት ቤቱ የዲግሪ መስፈርት የተጻፈበት ሰነድ) ነው የሚመረቀው፣ ገና ያልተመዘገበና ውጭ ክሬዲት እየሰበሰበ ያለ ሰው ግን ይሄ ጥበቃ የለውም። 40 ክሬዲት ሰብስቦ በወሩ ደንቡ ቢቀየርበት የሚከራከርበት ወረቀት አይኖረውም። ለዚህ ነው ቶሎ ተመዝግቦ ውጭ ለሚወስደው ለእያንዳንዱ ኮርስ ከሬጂስትራሩ በኢሜይል የጽሑፍ ማረጋገጫ መያዝ የሚያስፈልገው፣ የኮርሱ ስም፣ ከየት እንደሚወሰድ፣ እና "ይያዛል" ብቻ ሳይሆን ዲግሪው ውስጥ የትኛውን መስፈርት እንደሚሞላ የተጻፈበት።